ላስቲክ የታሰረበት ሃይላንድ

ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ዘነበወርቅ በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ ባለመኪናውና ሾፌሩ ጋሽ ወንድይፍራው፣ ረዳቱ ኪዳን፣ ሐጂ መህዲ፣ እማማ ተሻለችና ሌሎች አራት ተሳፋሪዎች ነበሩ።

በዚያ ሰሞን ታክሲ የሚጭነው በግማሽ ነው። ረዳትም ሂሳብ ከመቀበሉ በፊት የተሳፋሪ እጅ ላይ ሳኒታይዘር ማንጠብጠብ ነበረበት። ኪዳን ሳኒታይዘሩን የሚይዘው ክዳኑ በመርፌ በተበሳ ትንሽ ሃይላንድ ነው። ከበሩ ሥር ልክ እሱን የመሰለ ሌላ ሃይላንድ አለው። እዚያ ውስጥ ያለው አረቄ ነው። እንዳይምታታበት አንገቱ ላይ ላስቲክ አስሮበታል።

ኪዳን ድሮ ጠጪ አልነበረም። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቹ ከማርቆስና ከጌድዮን ጋር ማዞሪያው ጋ አንድ አንድ ቢራ ይጠጡና ቤቱ ሲዘጋ ይበተናሉ፤ በቃ። ኮሮና ገብቶ መጠጥ ቤቶቹ ሲዘጉ ሰው ሁሉ መጠጥ የቀረ መስሎት ነበር። የቀረው ግን የመዝጊያው ሰዓት ነው። ጌድዮን ቤት አረቄ በሊትር ይመጣል፤ "በቃችሁ፣ ልንዘጋ ነው" የሚል አስተናጋጅ የለም፤ ቅዳሜና ማክሰኞም አይለይም። ሥራ የቆመበት ማርቆስ ከቁርስ ጋር ይጀምራል። ኪዳን መጀመሪያ እንቅልፍ እንዲወስደው ጠጣ፤ ቀጥሎ ከእንቅልፉ ለመነሳት፤ አሁን ደግሞ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ። አፉን ማስክ ይሸፍንለታል። ከተማው ሁሉ አልኮል አልኮል በሚልበት ጊዜ ደግሞ ማን ማንን ያሸታል?

መንጃ ፈቃድ ካወጣ ስምንት ወሩ ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ወገባቸውን ስለሚያማቸው ከመጪው ሰኞ ጀምሮ መሪውን ሊያስረክቡት ቃል ገብተውለታል። ኪዳን ሰኞን እየቆጠረ እንቅልፍ አጥቷል።

መኪናው ገና ከማዞሪያው ሳይወጣ ለተሳፋሪው ሁሉ አዳረሰ። ሐጂ መህዲ መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀበሉና እስከ አንጓቸው አሹት። ጭናቸው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ሳህን አለ። ባለቤታቸው ሆስፒታል ተኝተዋል፤ እጃቸው ስለማይታዘዝላቸው የሚያጎርሷቸው ሐጂ ናቸው። ይህንን ከኋላቸው ለተቀመጡት ለእማማ ተሻለች ሲያወጉ ኪዳን ሰምቷል።

እማማ ተሻለች በተራቸው እጃቸውን አሻሹ፤ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው አሸተቱት።

"ረዳት፣ ይኼ ነገር ጌሾ ጌሾ ይላል" አሉ።

"አገር ውስጥ የተሠራ ስለሆነ ነው፣ እማማ።"

"እሱማ መች ጠፋኝ፣ ጎጃም ተወልጄ!"

ተሳፋሪው ሳቀ። ሐጂም በወፍራሙ ማስካቸው ውስጥ ምንም አልሸተታቸውምና አብረው ሳቁ። ኪዳን እጁ ላይ ያለውን ሃይላንድ አየ። ላስቲክ የለውም። ጎንበስ ሲል ላስቲኩ ወለሉ ላይ ወድቋል።

ተቀመጠ፣ ተነሳ። መስኮት ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ። ሂሳብ የከፈለውን ሰው ደግሞ ጠየቀና ተሰደበ። ሆስፒታሉ በር ላይ ውሃ አለ፣ ይታጠባሉ አለ በልቡ። ሳኒታይዘር ተቀብያለሁ ብለው ቢያልፉስ? በዚያ እጅ ቢያጎርሱስ? ቢናገር ደግሞ ሰኞ የለም።

ጋሽ ወንድይፍራው በመስታወት አዩት። "ምነው፣ ቁንጫ ገባብህ እንዴ?"

ምንም እንዳልሆነ ነገራቸው። አፉ ደርቋል። የሚያረጥብለት ነገር እጁ ላይ ነበር፤ ይህን ማሰቡ ደግሞ ይበልጥ አቅበጠበጠው።

ዘነበወርቅ ሲደርሱ ሐጂ "ወራጅ አለ" ብለው ወረዱና መርቀውት መንገድ ጀመሩ። ኪዳን በሩን ግማሽ ድረስ ሳበው። ከዚያ ለቀቀውና ዘሎ ወረደ።

"ሐጂ፣ እጅዎን ይታጠቡ።"

"አሁን አይደል እንዴ ያጸዳኸው፣ ልጄ?"

"ሳኒታይዘር አይደለም። አረቄ ነው። የኔ ነው።"

ሐጂ ሁለት እጃቸውን አዩ። አልጮሁበትም። ሳህኑን ግን ለእሱ አላስያዙትም፤ በመስኮት ለእማማ ተሻለች አቀበሉ። ኪዳን ለራዲያተር የተቀመጠውን ጀሪካን አውርዶ አስታጠባቸው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ውሃው ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። ሦስት ጊዜ ታጠቡ።

"በጠዋቱ?" አሉት ቀስ ብለው።

"በጠዋቱ" አለ።

ሳህናቸውን ተቀብለው ሄዱ። ጋሽ ወንድይፍራው ከመሪው ወርደው የአረቄውን ሃይላንድ አነሱ፣ አሸተቱት፣ ቱቦ ውስጥ ደፉት። ሰኞ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ነው፤ ኪዳን በረዳትነቱ ቀጠለ።