ያልረጠበው ጀሶ

ዜማ ወደ ጓዳ ስትገባ አማቷ ወይዘሮ የሺመቤት ሕፃኑን ታቅፈው፣ ለብ ያለ ውሃ የሞላ ሳፋ ፊታቸው ደቅነው ደረሰችባቸው። ሳፋ ሲባል ደግሞ ጣና ግማሹ ተጨልፎ የመጣበት ነው የሚመስለው! የልጁ ቆልማማ እግር ከጣቱ እስከ ታፋው በጀሶ ታስሯል፤ ውሃውን ሊነካ ስንዝር ቀርቶታል።

ጥፋቱ የራሷ የዜማ ነው። ሰኞ ሰኞ ሐኪም ቤት ከመሄዷ በፊት አሮጌው ጀሶ እንዲለሰልስ እዚሁ ሳፋ ውስጥ ትነክረዋለች፤ እዚያ እግሩን ትንሽ አቃንተው አዲስ ያስሩለታል። አማቷ አይተው ተማሩ። ዛሬ ግን እሑድ ነው፤ ክርስትናው። እግሩ ሳይታሰር ካደረ የተቃናው ተመልሶ ይጣመማል።

«ምን እያደረጉ ነው እማማ?»

«የልጅ ልጄ እንደ ግድግዳ ተለስኖ ክርስትና አይነሳም! እግሩንም አደረቅሽው። ሰባት ወለድሁ፣ አንዱም ጀሶ አልለበሰ!»

«ልጄን ያምጡ።»

«በሆድሽ ያጣመምሽው አንቺ! ደሞ ታዥኛለሽ?»

ዜማ ልጇን መንጭቃ ሳፋውን በእርግጫ አለችው። ውሃው የአማቷን አዲስ ቀሚስ አጥቦ፣ በር ላይ የቆመውን የባሏን ጫማ ሞልቶ፣ የሰፈሩን የዓባይ ማዶን ባጃጅ ሁሉ ሊያንሳፍፍ ወደ ደጅ ወጣ።

«አምሐ! ሚስትህን አደብ አስገዛት!»

«እኔ... ባጃጅ ልጥራ» አለ አምሐ። ለመሸሽ የሚቀድመው የለም።

ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ዜማ ጀሶውን በፌስታል ጠቅልላ እግሩን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ ያዘች። ቄሱም ገላውን ሳይነክሩ ውሃውን እያፈሰሱ አጠመቁት።

«ግማሽ ክርስቲያን አደረገችው!» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት፤ ጩኸታቸው እንፍራንዝ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«ጥምቀቱ ሙሉ ነው፤ ዝም ይበሉ!» አሉ ቄሱ።

ወይዘሮ የሺመቤት እቴ! ጎንበስ ብለው ፌስታሉን ጎተቱ። ሕፃኑ በብርዱ ተቆጥቶ ሲወራጭ ያ ጀሶ አፋቸው ላይ አረፈ። ከንፈራቸው ወዲያው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ።

ዜማ ፌስታሉን መልሳ አጠበቀች።

«ደረቀ ያሉት እግር ይኸውልዎ» አለች፤ «ሲቃና ደግሞ ራቅ ብለው ይቁሙ።»

በድግሱ ሁሉ አማቷ ከንፈራቸውን በነጠላ ሸፍነው አፈጠጡባት። እሷም አፈጠጠች። ልጁን ለማንም ሳታቀብል፣ ደረቁን ጀሶ ጭኗ ላይ አስደግፋ ሰኞን ጠበቀች።