አሥራ ሦስት ቶን የሚለው ፖስተር

ሳይሚ ፖስተሯን ስድስት ጊዜ አፍርሳ ሠርታዋለች። የመጀመሪያው ከዳር እስከ ዳር በጽሑፍ የታጨቀ ነበር። መምህሯ ሂልካ ገና ከበሩ ሆና አየችውና፣ ይህን የሚያነብ ሰው ምሳውን ይዞ መምጣት አለበት አለቻት። ፖስተር ማለት በሦስት እርምጃ ርቀት የቆመ ሰው በአንድ ደቂቃ የሚገባው ነው፤ ካልገባው ጥፋቱ የሠሪው ነው። ሂልካ አትቆጣም። አንድ ጊዜ ተናግራ ትሄዳለች። ሳይሚ መቀነስ ጀመረች።

የፖስተሩ ጉዳይ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ የሚያልፈው መንገድ ነበር። ከከተማው በሐይቁ ማዶ ያለችው ደሴት ሰማንያ ቤተሰብ ይኖርባታል። ሐይቁ ሲቀልጥ በጀልባ፣ በረዶ ሆኖ ሲረጋ በመኪና ይሻገራሉ። መንገዱን የሚጠርገውም፣ ይከፈት ወይም ይዘጋ የሚለውም የነዋሪዎቹ የራሳቸው የመንገድ ማኅበር ነው። ሳይሚ ከጥር ጀምሮ አሥራ ሁለት ቦታ በመሰርሰሪያ እየበሳች የበረዶውን ውፍረት ለክታ፣ ስንት ቶን እንደሚሸከም አስልታለች።

ሐይቅ ላይ ሁለት ዓይነት በረዶ አለ። ጥቁሩ ከራሱ ከውሃው የረጋው ነው፤ እንደ ብረት ይታመናል። ነጩ ከላይ የወረደው አመዳይ ርሶ የረጋው ነው፤ ጉልበቱ የጥቁሩ ግማሽ ነው። ስለዚህ ሁለት ጣት ነጭ እንደ አንድ ጣት ጥቁር ይቆጠራል። በዚያ ሐይቅ ዳር ያደገ ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል። ሳይሚም ታውቃለች። በመጀመሪያው ፖስተር ላይ ጥቁሩ ለብቻ፣ ነጩ ለብቻ፣ ድምሩ ለብቻ ተጽፎ ነበር። አምስተኛውን ስትሠራ ሁለቱን አወጣችና «ውፍረት» የሚለውን ድምር ብቻ አስቀረች። ገጹ ተነፈሰ። ግራፉንም ከዚያው ከድምሩ ላይ እንደገና አወጣችው። ከታች፣ ከሩቅ በሚታይ ሰማያዊ፣ «13 ቶን» ብላ ጻፈች። ሂልካ ሥራውን ኮምፒውተሯ ላይ አየችና፣ አሁን ፖስተር ሆነ አለች።

ሐሙስ ዕለት አሥራ ስምንት ተማሪዎች ለፈተና በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ፖስተራቸውን ሰቅለው አጠገቡ ቆሙ። ከምግብ ቤቱ የሐሙስ የአተር ሾርባ ሽታ ይመጣል። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሂልካ፣ አንድ ሌላ መምህር፣ ከድልድይ ሠሪዎች ድርጅት የመጣ አንድ ሰው። አንደኛ የወጣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ በዚያ ድርጅት ሥራ አለው። ሳይሚ ያለፈውን ዓመት እነዚያን ወራት እንጆሪ ስትለቅም ነው የጨረሰችው። ሥራውን ትፈልገዋለች። ደንቡ ደግሞ አጭር ነው፤ ዳኞች ሲደርሱ ከፖስተሩ አጠገብ ያልተገኘ ውጤት የለውም።

ከጎኗ የቆመው ቬርኔሪ ነው። የእሱ ፖስተር ስለ ከተማው የፍሳሽ ቧንቧ ነው።

«የአንቺ ሥራ ሚያዝያ ላይ ይቀልጣል» አላት። «የእኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል።»

«ይሸታልም» አለችው።

ቀትር ሊሆን ትንሽ ሲቀረው አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ከፖስተሩ በሦስት እርምጃ ርቀው ቆሙ። አነበቡ። አንድ ደቂቃም አልፈጀባቸውም። ቪልሆ እባላለሁ፣ የደሴቲቱ የመንገድ ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ አሏት። የፖስተር ትርኢቱን ጥሪ በደሴቲቱ ሱቅ ተለጥፎ አይተው ነው የመጡት። ማኅበሩ እስካሁን ከአምስት ቶን በላይ አላሳለፈም፤ የደሴቲቱ ትምህርት ቤት ማሞቂያ ዘይት ግን እያለቀ ነው። የዘይቱ መኪና ከነጭነቱ አሥራ አንድ ቶን ይመዝናል።

«አሥራ ሦስት ካልሽ አሥራ አንዱ ያልፋል ማለት ነው» አሉ።

«ያልፋል» አለች ሳይሚ።

ቪልሆ ፖስተሩን በስልካቸው ፎቶ አነሱት። ሾፌሩ እዚሁ ከተማ ስላለ ዛሬውኑ ሊያሻግሩት ነው፤ አዳራሹ ይጮኻልና ከአውቶቡስ ፌርማታው እንደሚደውሉ ነገሯት። አውቶቡሳቸው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ጨብጠዋት ወጡ።

ሳይሚ ደስ ብሏት ዘወር አለችና የፖስተሩን የተላቀቀ ጥግ ልትጫን እጇን ሰደደች። ጥጉ ላይ ፎቶ አለ። ከአራተኛው ጉድጓድ ያወጣችው የበረዶ ምሰሶ ነው፤ ገጹን እንዲያሳምር ብላ ነበር ያስገባችው። የምሰሶው ታች ጥቁር ነው። ላዩ እንደ ወተት ነጭ ነው።

እጇ እዚያው ቀረ። ጠቅላላው ሃምሳ ስምንት ሳንቲሜትር ነበር። ጥቁሩ ሠላሳ አራት፣ ነጩ ሃያ አራት። የነጩ ግማሽ አሥራ ሁለት። አርባ ስድስት። የሚሸከመው ክብደት የሚሰላው ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ ነው፤ በልቧ አባዛችው። ስምንት ቶን ወጣ። ደገመችው። ስምንት ቶን።

«እንደምን ዋልሽ» አለ አንድ ሰው ከኋላዋ። ዳኞቹ ነበሩ።

ሳይሚ ጀመረች። ጠዋት መስታወት ፊት ያጠናችው ንግግር በራሱ ጊዜ ከአፏ ወጣ። ስለ ሐይቁ ተናገረች፣ ስለ አሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች ተናገረች። ከሂልካ ራስ በላይ ያለውን ሰዓት ታያለች። ሂልካ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሌላው መምህር ይጽፋል። ሳይሚ ልጨርሰውና እሮጣለሁ ብላ አሰበች። ሦስት ደቂቃ አለፈ። አራት።

የድልድይ ሠሪዎቹ ሰው ሰማያዊውን ቁጥር በእስክሪብቶ አመለከተ። «ይህን በመንገዱ መግቢያ ላይ ለጥፊው ቢሉሽ ትፈርሚበታለሽ?»



«አልፈርምም» አለች። «ቁጥሩ ስሕተት ነው። ነጩን እንደ ጥቁር ቆጥሬዋለሁ። ልክ ነው ብለው ይዘውት የወጡ ሰው አሉ፤ አውቶቡስ እየጠበቁ ነው።»

«ደውይላቸዋ» አለ ሰውየው።

«ስልካቸው የለኝም።»

ሂልካ በእጇ ያለውን ቅጽ አየች። ከሄድሽ የውጤትሽ መስመር ባዶ ይሆናል አለቻት፤ ለማስፈራራት ሳይሆን እንዲታወቅ ያህል። ሳይሚ በእሷ ፋንታ ይሮጥ እንደሆነ ብላ ወደ ቬርኔሪ ዞረች። ቀጣዩ ተራ የእሱ ነው። ጫማውን ነበር የሚያየው።

ካፖርቷን ሳትለብስ ወጣች። መንገዱ ያንሸራትታል። ፌርማታው ከድልድዩ ማዶ ነው። ስትደርስ ቪልሆ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ ነበር።

«ደወሉለት?»

«ደወልኩለት። ዘይቱን መቅዳቱን ጨርሷል፤ ተነሣሁ ብሏል።»

ነገረቻቸው። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው። ቪልሆ ጓንታቸውን በጥርሳቸው አውልቀው እንደገና ደወሉ። ስልኩ ጠራ፤ አልተነሣም። እንደገና ደወሉ። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፤ ቪልሆ ሂድ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡት፣ ሄደ። ከከተማው እስከ መንገዱ መግቢያ በመኪና አሥር ደቂቃ ነው። ሳይሚ በብርዱ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ሦስተኛው ላይ ሾፌሩ አነሣ።

«የት ነህ?» አሉ ቪልሆ፤ መልሱን ሰሙ። «ቁም። እኔ እስክልህ በረዶው ላይ እንዳትወጣ።»

ሾፌሩ መጮኹ እስከ ሳይሚ ድረስ ይሰማል። ቪልሆ እስኪጨርስ ጠበቁ፣ አንድ ጊዜ «እሺ፣ ስደበኝ» አሉት፣ ዘጉ።

ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ስንት ነው እንግዲህ?»

«ስምንት ይመስለኛል።»

«ዘይቱን ቀንሶ ቢመጣስ?»

«አላውቅም። እንደገና ሳልለካ ሌላ ቁጥር አልሰጥዎትም።»

ቪልሆ ፌርማታው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀጣዩ አውቶቡስ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። እንደገና እስክትለኪ ትምህርት ቤታችንን በእንጨት እናሞቀዋለን አሉ። ቀጥለውም፣ «ሰባ ዓመት በዚያ በረዶ ላይ ሄጃለሁ። ዛሬ ግን ነጩ ስንት ነው ሳልልሽ ከአዳራሹ ወጣሁ። ቁጥሩ ትልቅ ነበር፣ ገጹም ንጹሕ ነበር» አሉ። «ግቢ፣ ልጄ። በረድሽ።»

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ዳኞቹ የመጨረሻው ፖስተር ጋ ደርሰው ነበር። በሂልካ ቅጽ ላይ ከስሟ ትይዩ አጭር ሰረዝ አለ። ሥራውን ቬርኔሪ አገኘ። ሊያጽናናት ፈልጎ ሾርባ አመጣላት።

ሂልካ ቆይታ መጣችና ፖስተሩ ፊት ቆመች። «የጥቁሩንና የነጩን ረድፍ አውጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ?» አለቻት።

«አይደለሽም። ቀንሺ ነው ያልሽኝ።»

«ቀንሺ ብያለሁ» አለች ሂልካ።  ፈተናው በሚያዝያ እንደሚደገም ነግራት ሄደች።

ሳይሚ ወፍራም እስክሪብቶ ተዋሰች። ሰማያዊውን ቁጥር በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ከሥሩም ጥቁር ስንት፣ ነጭ ስንት፣ ድምር ስንት ብላ በእጇ ጻፈች። ጽሑፏ ወደ ጎን ያዘነበለ ነበር፤ ገጹ ተበላሸ። መዝጊያው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ከአጠገቡ አልሄደችም። ያለፈ ሁሉ የተሰረዘውን ያይና ይቆማል፤ ምን ሆኖ ነው ይላል። እሷም ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግረዋለች።