ግራ የተጠመደው ቦራ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ በገባ በሳምንቱ፣ የእመት ፋንታነሽ በሬ ጠፋ። ያላት በሬ እሱ ብቻ ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ትለዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቦራን ከጎረቤቷ ከብዙዬ በሬ ጋር እያቀናጀች፣ ተራ በተራ እያሳረሰች፣ የማንንም ደጅ ሳትጠና ኖራለች። አሁን ሰኔ ሳያልቅ ቦራ ካልተገኘ ማሳዋ ጦም ያድራል፤ ማሳዋ ጦም ካደረ እሷም ጦም አዳሪ ናት። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ትርጓሜ የለውም።

ጭቃ ሹሙ አቶ አካለ ወልድ በወጉ መሠረት አውጫጭኝ ጠሩ። ያጥቢያው ሰው ሁሉ ሜዳ ይወጣል፤ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤት መመለስ የለም። ያየ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ሹክ ይላል፣ እነሱም የነገራቸውን ሰው ደብቀው "ወፍ ነገረችን" ብለው የሌባውን ስም ያወጣሉ። አካለ ወልድ ለወንድማቸው እንኳ የማያዳሉ ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩና ሁለት ቀን ሙሉ ሰዉን ዝናብ ላይ አቆሙት። ወፏ ግን ትንፍሽ አላለችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጣሊያን ከሾመው ከግራዝማች ታረቀኝ በቀር የመበለት በሬ የሚያስነዳ ደፋር ባካባቢው እንደሌለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የሱን ስም የጠራ ሰው ደግሞ ጎጆው እንደሚቃጠል ያውቃል። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ጭቃ ሹሙ አንገታቸውን ደፍተው "ወፏ አላየችም፤ ግቡ" አሉ።

"እንግዲህ መንበሩን ጥሪ" አለቻት ብዙዬ፣ የረጠበ ነጠላዋን እየጨመቀች።

ፋንታነሽ እንደ እሳት ነደደች። "ያንን ሌባ?"

"እሾህ በሾህ ነው የሚወጣ፣ እህቴ።"

መንበሩ ዱካ ተከታይ ነበር። የጠፋ ከብት ፈልጎ ያገኛል፣ ሌባ ያጋልጣል። ታዲያ እሱ ራሱ በወጣትነቱ ከብት ሲነዳ የኖረ፣ አረቄ የሚወድ፣ አፉ ያልተገራ፣ ለገዛ እናቱ እውነት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ጊዜ የፋንታነሽ ባል አህያ ጠፍታ አገኘላቸው፤ ሲሄድ ግን በግ ይዞ ሄደ። እሷን የሚያናድዳት ግን በጉ አይደለም። የሚያናድዳት አገሩ ሁሉ የሱን ወሬ እንደ ማር መላሱ ነው። አረም ላይ ቢሆን፣ ወፍጮ ላይ ቢሆን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ቢሆን "መንበሩኮ እንዲህ አደረገ" ከተባለ ሥራ ይቆማል። ስለ አካለ ወልድ ደግነት አውርቶ ሥራ ያስፈታ ሰው ግን አይታ አታውቅም። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው ብላ ታምናለች።

ቢሆንም የቸገረው እርጉዝ ያገባል። በማግስቱ ጠዋት መንበሩ ደጃፏ ላይ ቆሞ ነበር።

"ቦራ በየት በኩል ነው የሚጠመደው?" አላት ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ።

"በቀኝ። ባሌ ከወይፈንነቱ ጀምሮ በቀኝ ነው ያስለመደው።"

"እንግዲያው ዱካ አንከተልም። ዱካውን ዝናብ በልቶታል። ትንሽ የተወቀጠ እንዶድ በጨርቅ ቋጥረው ይምጡ፤ እርስዎም አብረውኝ ይሄዳሉ።"

"ልብስ ልናጥብ ነው?"

"የግራዝማችን እድፍ እናጥባለን፣ እመት።"

ከይጁቤ ወዲህ ያለውን አገር ዞሩት። መንበሩ ከብት ቀና ብሎ አያይም፤ የሚያየው የታረሰ መሬት ብቻ ነው። ግራዝማች ታረቀኝ ባሕር የሚያህል ማሳ አለውና ከትልም ትልም ሲያማርጡ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ፋንታነሽ ልታጉረመርም አፏን ስትከፍት፣ መንበሩ አንድ እርሻ ዳር ቆሞ በዱላው አመለከተ። ትልሙ የሰከረ ሰው መንገድ ነበር፤ ሦስት እርምጃ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ይጣመማል።

"ይኸ አራሹ ሰንፎ አይደለም" አለ። "ቀኝ የለመደ በሬ ግራ ሲጠመድ ጓደኛውን እየገፋ ወደ ቦታው ሊመለስ ይታገላል። ሌባው ግንባሩን ጥላሸት መቀባት ጠፍቶት አይደለም፣ ቀኝና ግራውን መጠየቅ ግን ረሳ። የሰረቀው ገበሬ ሳይሆን የገበሬ አዛዥ ነው።"

ፋንታነሽ ወደ ቀንበሩ አየች። በግራ በኩል ግንባሩ የጠቆረ በሬ አለ። አረማመዱን አወቀችው። ሮጣ አንገቱን ልታቅፍ ፈለገች።

"ይቁሙ!" አለ መንበሩ ክንዷን ይዞ። "'የኔ ነው' ካሉ ይገርፉዎታል። እነሱ ራሳቸው 'ውሰዱልን' ማለት አለባቸው። እኔ ሳወራ እርስዎ እንዶዱን በውሃ ለውሰው ከንፈሩን ይቀቡት። ካልዋጠው አይጎዳውም።"

"እኔ?"

"በሬው እኔን አያውቀኝማ።"

ብዙም ሳይቆይ አራሾቹ ለምሳ በሬዎቹን ፈትተው ሾላ ሥር ተቀመጡ። እንዳላማው የሚባለው የእርሻው አዛዥ አዲስ ካፖርት ደርቦ መካከላቸው አለ። መንበሩን ገና ሲያዩት ፊታቸው በራ። "መንበሩ! ና፣ ተቀመጥ! ያቺን የበቅሎዋን አውራልን!" እሱም ሳይለመን ጀመረ። አንድ ባለጠጋ በቅሎ ጠፍታበት "ፈልግልኝ" ብሎ ቀጠረው፤ በቅሎዋን የሰረቃት ራሱ መንበሩ ነው። እናም በጠፋችው በቅሎ ላይ ተቀምጦ የጠፋችውን በቅሎ ሲፈልግ ከረመ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ባለቤትየው በቅሎዋን ዞር ዞር እያለ አያት፣ ጥርሷን አየ፣ ጆሮዋን ዳሰሰ...

እንጀራው ከነጉርሻው በእጃቸው ቀረ። አንዱም ዘወር ብሎ ወደ በሬዎቹ አላየም። ፋንታነሽ ለገበያ የምታልፍ መስላ ቦራ አጠገብ ደረሰች፤ አሸተታትና እጇን ላሰ። እንባዋ መጣ፣ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም። እንዶዱን ከንፈሩ ላይ ስታሽ አረፋው ግንፍል አለ። አንድ ነገር ግን አስደነገጣት፤ ሥራዋን ጨርሳ መሄድ ሲገባት ባለቤትየው ምን እንዳለ ለመስማት ጆሮዋን አቁማ ቆማ ነበር።

ወሬው እዚያው ላይ ተቋረጠ። መንበሩ ብድግ ብሎ ጮኸ። "ደስታ! የከብት ደስታ ገብቷል! አረፋውን እዩት!"

አራሾቹ ተበታተኑ። የከብት ደስታ የሚሉት በሽታ የአባቶቻቸውን በረት ባዶ ያስቀረ መቅሠፍት ነውና ስሙ ብቻ ያርዳል። "ፈረንጆቹ ከሰሙ የግራዝማችን ከብት በሙሉ ተኩሰው ያቃጥሉታል" አለ መንበሩ ወደ ኋላ እያፈገፈገ። "ቶሎ ከዚህ ይውጣ!"

"አንተ ውሰደው!" አለ እንዳላማው።

"እኔ? እኔ ልጆች የሉኝም? ከብት የለኝም?" ከብትም ልጅም የለውም። "ገደል እስክጨምረው ዝናብ ሊመታኝ፣ ብርድ ሊፈጀኝ..." ዓይኑ ካፖርቱ ላይ አረፈ። እንዳላማው ካፖርቱን አውልቆ ወረወረለት። መንበሩ ለበሰው፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ፣ ከዚያ ቦራን እየነዳ ሄደ።

ፋንታነሽ ከኮረብታው ማዶ ወንዝ ላይ ጠበቀችው። የቦራን አፍ በውሃ አጠበች፣ ጥላሸቱንም አስለቀቀች፣ ግንባሩን ሳመች። ከዚያ መቻል አቃታት።

"ባለቤትየውስ? በቅሎዋን አይቶ ምን አለ?"

መንበሩ እስኪያስለው ሳቀ። "'የእኔዪቱ ሰነፍ ነበረች፤ ይህቺ ደህና ናት' አለና ፍለጋውን እንድቀጥል አዘዘኝ።"

እሷም ሳቀች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። "ሰው ግን ያንተን ወሬ ምን ብሎ ነው የሚወድ?"

"ደግ ሰውማ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይታወቃል፣ እመት። እኔን ግን 'ይኸ ወራዳ አሁን ደግሞ ምን ያደርግ ይሆን' እያሉ እስከ መጨረሻ ይሰሙኛል።"

ቦራ በቀኝ በኩል ተጠመደ፣ ማሳው ታረሰ። ግን የሰው ዓይን የት ይደበቃል? እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሰው ከቅጥሩ ሲወጣ እንዳላማው ሁለት ባለ ጠመንጃ አስከትሎ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

"ፋንታነሽ! ጠፋ ያልሽው በሬ ያርሳል አሉ። ማነው ያገኘልሽ?"

 መንበሩ ብትል ደብረ ማርቆስ ወስደው ይሰቅሉታል። አላውቅም ብትል በሬውን ይነዱታል። ፋንታነሽ ደግሞ በዕድሜዋ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ምስክርነት ስትጠራ "የፋንታነሽ ቃል" ይባላል፣ ማንም ማሐላ አይጨምርባትም። በመላ ኑሮዋ ካከማቸችው ሁሉ ያ ስም ይበልጥባታል።

"በሬዬ አልጠፋም ነበር" አለች ጮክ ብላ። "ደምበጫ ላለው ወንድሜ አውሼው ረስቼው ነው። እርጅና ነው፤ ይቅር በሉኝ፣ ያገሬ ሰዎች።"

 ብዙዬ ደረቷን ደቃች።

"ውይ! ሁለት ቀን በዝናብ ያስደበደብሽን ለዚህ ነው? ልጄ እስካሁን ያስለዋል!" ልጅ የላትም።

"ጉንፋን አስያዘችን!" አለ ሌላው። "እኔ ወገቤን!" "እኔ ጥጃዬ ስትወለድ ሳልደርስ!" ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። አንድም ሰው አላመናት፣ አንድም ሰው ግን ከመራገም አልቦዘነም። አካለ ወልድ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱና ፊታቸውን አኮሳትረው ፈረዱ። አጥቢያውን በከንቱ ያንገላታችበት ሁለት ጋን ጠላ ትክፈል። እንዳላማው ግራ ቀኝ አየ። "አይ፣ ጠፍቶ ነበር" ብሎ እንዳይከራከር በሬው በግራዝማች እርሻ እንደነበር ማወቁ ሊወጣበት ነው። ብርድ እያንዘፈዘፈው ተመልሶ ሄደ።

ፋንታነሽ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ዋሽታለች፤ አሁን ወደ ኋላ የሚመልስ የለም። የገረማት ግን ልቧ አለመክበዱ ነው፤ እንደ ጥጃ ሊዘል ይፈልጋል። አካለ ወልድ ከኋላዋ ደረሱባት። መንገዱ ሲታጠፍ ግራና ቀኝ ገላመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አረፋው ከምን መጣ?"

"ከእንዶድ፣ ጌታዬ።"

"እንዶድ!" ጭቃ ሹሙ ዱላቸውን ተደግፈው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "በይ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። ምንም እንዳታስቀሪ።"

ጀመረችላቸው። መንበሩ ያን ቀን ጠዋት ቤቷ የጠጣው አንድ መለኪያ አረቄ ነበር፤ እሷ ግን ሦስት አለች።

"ሦስት ብቻ?" አሉ አካለ ወልድ ቅር ብሏቸው።