የገንዳው በር

ትሬንት የገንዳውን በር ዘጋው፤ ሠላሳ ያህል ላሞች፣ አብዛኞቹ ከነጥጆቻቸው፣ በውሃ ጥም አለቁ። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በር ስል ሳንቃ ያለው በር ማለቴ አይደለም። እኛ ኔብራስካ፣ አሸዋማዎቹ ኮረብቶች ላይ፣ የግጦሽ በር የሚባለው ጥቂት እንጨቶች የታሰሩበት እሾሃማ ሽቦ ነው። ሲከፈት ተሰብስቦ ሣሩ ላይ ይጣላል። ሲዘጋ የጫፉን እንጨት በትከሻ ገፍቶ፣ ሽቦውን ወጥሮ፣ ከአጥሩ ቋሚ ጋር በሽቦ ቀለበት ማነቅ ያስፈልጋል። ጉልበት ይጠይቃል። ደንቡ ግን ለሕፃንም የሚገባ ነው፤ ክፍት ያገኙትን ክፍት መተው፣ ዝግ ያገኙትን መልሶ መዝጋት። ከብቱ በየት በኩል ወደ ውሃ እንደሚሄድ የሚያውቀው ባለቤቱ እንጂ መንገደኛ አይደለም። አያቴ ኦስካር ሊንድክዊስት ይህን ያስተማሩኝ የጫማ ክር ማሰር ከመቻሌ በፊት ነው።

ለትሬንትም ነግሬዋለሁ። የአያቴ ጎረቤቶች የሃቬልካዎች ግጦሽ ከመድረሳችን በፊት መኪና ውስጥ ነገርኩት፣ ስንደርስ ደገምኩለት።

"ገባኝ፣ አስተማሪ፣" አለኝ። "በር አልነካም። ላም አላናግርም። ሌላስ?"

"ላም ብታናግር ግድ የለኝም።"

"እንግዲያው የሚያወራኝ አገኘሁ።"

ትሬንት የቺካጎ ልጅ ነው። መስከረም ላይ ልንጋባ ነበር። ከዚያ በፊት ድንኳን ጭነን ሜዳውን እስከ ደቡብ ዳኮታ እናቋርጥ ያለው እሱ ነው፤ ሁለት ሰው ድንኳን ውስጥ ከተቻቻለ የትም ይቻቻላል የሚል ነገር የሆነ ቦታ አንብቧል። አዮዋን በበቆሎ መሐል ስናልፍ እየዘፈነ ነበር። ቋሊማ አሳረረ፣ ሳቅን። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አሁንም እላለሁ፣ ለማንም ባይጠቅምም።

ቨርን ሃቬልካ የአያቴ ጎረቤት ነበሩ። ሚስት አላገቡም፤ ባላቸው ከሞቱባቸው ታላቅ እህታቸው ከዶሪን ጋር ይኖራሉ። ግጦሻቸው ሁለት ነው። ትልቁ ከብቱ የሚውልበት ነው። ትንሹ ውስጥ በነፋስ የሚዞረው የውሃ መሳቢያ መዘውር፣ ገንዳውና ጥቂት ዛፎች አሉ፤ የእኛ ቤተሰብ ከድሮም ድንኳን የሚተክለው እዚያ ዛፎች ሥር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የገንዳው በር በጋውን ሙሉ ክፍት ነው፤ ላሞቹ ሲጠማቸው በዚያ ገብተው ጠጥተው ይወጣሉ። ትልቁን ግጦሽ ከአስፋልቱ የሚለየው የመንገዱ በር ደግሞ ሁልጊዜ ዝግ ነው።

በደረስን ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ዶሪን በአሮጌ ፒካፓቸው መጡ። ቲማቲምና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ይዘውልናል።

"የኦስካር ልጅ ልጅ! ቺካጎ ምግብ የለም እንዴ?" አሉኝ። ከዚያ ትሬንትን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "ይሄ ረጅሙ ያንቺ ነው? ቨርን የአጥር ቋሚ ጠፋ እያለ ሲያማርር ነው የሰነበተው፣ እንዳያየው ደብቂው።"

"ከፈለጉኝ አለሁ፣" አለ ትሬንት።

"አይ፣ አንተ ቶሎ ትበሰብሳለህ።"

ሳቅን። መዘውሩ መዞሩን፣ ገንዳው መሙላቱን በየቀኑ ማየት የዶሪን ሥራ ነው። ከፒካፑ አልወረዱም፤ በመስኮት ነው ያወሩን።

"ጉልበቴ አልቋል፣ ትከሻዬም አይረባም፣" አሉ መሪውን መታ መታ እያደረጉ። "ይሄ ቁልፍ እጄ ላይ እስካለ ግን ሰው ነኝ። ቨርን ስም ትረሳለች ብሎ ከተማ ያለው መጦሪያ ሊያስገባኝ ይዳዳዋል። ብረሳስ? ላሞቹ እንደሆነ ስም የላቸው።"

ከሄዱ በኋላ ላሞቹ በክፍቱ በር ገብተው ጠጡ። አንዷ ድንኳናችንን መጥታ አሸተተች። ትሬንት እጁን ኪሱ ከቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "እንደምን አመሸሽ፣ እመቤቴ?" አላት።

ሌሊቱን ዐውሎ ነፋስ መጣ። እንቁላል የሚያህል በረዶ ድንኳናችንን ዘነጣጠለው፤ መኪና ውስጥ ተኮራምተን አደርን። ሲነጋ ላሞቹ ርቀው ትልቁ ግጦሽ ውስጥ ነበሩ። የተረፈንን ጭነን ተነሣን፤ ትሬንት ይነዳ ነበር፣ እኔን እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አስፋልት ላይ ነን። መዳፉ ተጫጭሮ ደም አቅርሯል።

"በሩን ብቻዬን ዘጋሁት፣" አለኝ። "ላስነሣሽ አልፈለግኩም። ትከሻዬ ሊገነጠል ነበር።"

በእንቅልፍ ልቤ የመንገዱን በር የሚለኝ መሰለኝ። "ጎበዝ፣" አልኩትና ተመልሼ ተኛሁ።

ከዐውሎ ነፋሱ በኋላ ሙቀቱ መጣ። ደቡብ ዳኮታ የተሰነጣጠቁት ገደሎች አጠገብ፣ በፕላስተር የተለጣጠፈ ድንኳን ውስጥ፣ ሳምንት ሙሉ እንደ ዳቦ በሰልን። ስለ ውሃ ተጣላን፣ ስለ ካርታ ተጣላን፣ የሱ እናት ለሠርጉ ስለያዙት አዳራሽ ተጣላን። በመጨረሻ ትሬንት ሆቴል ካልገባሁ አለ፣ እኔም ወደ ቤት እንመለስ አልኩ። የአያቴን የብረት መጥበሻ ሃቬልካዎች ዛፍ ሥር ረስቼ ስለነበር በመጣንበት መንገድ ተመለስን።

ሽታው ከመንገዱ በር ላይ ተቀበለን። በሩን ልከፍት ወረድኩ። ይሄኛው እንደ ገንዳው በር ሽቦ አይደለም፤ በብረት መወርወሪያ የሚዘጋ፣ በአንድ ጣት የሚገፋ በር ነው። ትከሻ አይፈልግም። ያን ጊዜ ገባኝ።

ጥንብ አንሳዎቹ አየር ላይ አልነበሩም፤ ጠግበው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ላሞቹ የገንዳው በር ላይ ተደራርበው ወድቀዋል። የፊተኞቹ በኋለኞቹ ተገፍተው ደረታቸው ሽቦው ላይ ተሰክቷል። ምላሳቸው ጠቁሮ ወጥቷል። ሽቦው የዘንድሮ ነው፣ አልተበጠሰም። ከበሩ ማዶ፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ፣ መዘውሩ ይዞራል፤ ገንዳው ሞልቶ ይፈስሳል።

ቨርን አንዷን ላም በሰንሰለት ከትራክተሩ ጋር እያሰሩ ነበር። ሲያዩን ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ዝንብ እንኳን አልተነሣም።

"ዛሬ ጠዋት ነው ያገኘኋቸው። ከሳር አጨዳው ስመለስ፣" አሉ። "መጀመሪያ እናንተን ጠረጠርኩ። ኋላ ራሴን ሰደብኩ። የኦስካር ልጅ ልጅ በር አትነካም አልኩ። ዶሪን ናት። ያን ቀን ከእናንተ ስትመለስ ዘግታው ሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱን ፈርታ ከመንገድ ላይ መዘውሩን ብቻ እያየች ስትመለስ ሰነበተች። አልነካሁም ብላ ድርቅ ብላለች።" ግንባራቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። "በነጋታው ስትወጡ ዝግ ነበር፣ አይደል?"

ጥያቄው ለሁለታችንም ነበር። እኔ ከአንዲት ጥጃ ላይ ዓይኔን ማንሣት አቅቶኛል፤ በሽቦው ሥር ልትሾልክ ሞክራ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርታለች።

"ዝግ ነበር፣" አለ ትሬንት። "እንዳገኘነው ዘጋነው።"

ቨርን ራሳቸውን ነቀነቁ። "አላልኳትም? በሉ ቤት ሂዱ፣ ውሃ ጠጡ። ይቺን ጎትቼ እመጣለሁ።" ሞተሩን አስነሡ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

መኪና ውስጥ ገብተን መስኮቱን ዘጋሁ።

"ክፍት ነበር፣" አልኩት። "ዶሪን ከሄዱ በኋላ ላሟን አናግረሃታል። በዝግ በር ነው የገባችው?"

ትሬንት መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያ፣ "በር ይዘጋል ብዬ ነው፣" አለኝ። "ኢንጊ፣ የሰው በር ክፍት ትቶ መሄድ ነውር መሰለኝ። አንቺ እንዳትነቂ ብዬ፣ በዚያ ጭቃ ወርጄ..."

"እሱን አውቃለሁ። አሁን ለምን ዋሸህ?"

"ሬሳዎቹን አላየሽም? ሰውዬው ሰንሰለት ይዞ ቆሟል። ትንሽ ይረጋጋ።"

"ቤት ስትደርስ ትነግራቸዋለህ። አንተ ነህ የምትነግራቸው፣ እኔ አይደለሁም።"

"እሺ አልኩሽ።"

የቤቱ በር ነፋስ እንዲያስገባ በላም ጨው ድንጋይ ተደግፎ ክፍት ነበር። ዶሪን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል፣ ጸጉራቸው አልተበጠረም። ተነሥተው በረዶ የገባበት ሻይ ቀዱልን። ቀልድ አልነበረም። ትሬንት ሻይውን አማሰለ፤ ስኳር አልጨመረበትም። ቨርን እስኪመጡ ድረስ አማሰለ።

ቨርን ገብተው እጃቸውን ታጠቡ። ከዶሪን የወሰዱት የፒካፑ ቁልፍ በወንበራቸው ፊት ለፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"ልጆቹን ጠየቅኳቸው፣" አሉ ለእህታቸው። "በነጋታው ሲወጡ ዝግ ነው ያገኙት። አሁንስ ምን ትያለሽ?"

ዶሪን ወደ እኔ አላዩም። ወደ ትሬንት ነው ያዩት። "ዝግ ነበር፣ ልጄ?"

ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ብርጭቆው ውስጥ እያየ፣ "አዎ፣" አለ።

"በደንብ አይተሃል?"

"አዎን።"

ዶሪን ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ተመለከቷቸው። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"እንግዲያው እኔ ነኝ፣" አሉ። ድምፃቸው እንደ ደከመው ሰው ዝግ ያለ ነበር። "ጠዋቱን ሙሉ ሳስበው ነበር፣ አሁን መጣልኝ። ከፒካፑ ወረድኩ። እጄ ሽቦው ላይ ሆኖ ይታየኛል። ቀለበቱን ሳስገባው ይታየኛል።"

"አልዘጉትም፣" አልኩ። "እርስዎ ከሄዱ በኋላ ላሞቹ ገብተው ሲጠጡ አይቻለሁ። የዘጋው ትሬንት ነው። በማግሥቱ ጠዋት፣ እኔ ተኝቼ።"

"ኢንግሪድ!" አለ ትሬንት።

ቨርን አልጮኹም። ብጮህበት ኖሮ ብለው በኋላ የተቆጩ ይመስለኛል። ዓይን ዓይኑን እያዩ "ሜዳ ላይ ስጠይቅህስ?" አሉት።

"ደነገጥኩ፣ አቶ ሃቬልካ። ለመርዳት ብዬ ነበር። በር ክፍት መተው..."

"አሁን፣ እዚህ፣ እሷ ስትጠይቅህስ?"

ትሬንት ብርጭቆውን ገፋ አደረገ። እኔ ወደ ዶሪን ዞርኩ። "እርስዎ ያንን በር መዝጋት ይችላሉ?"

ዶሪን የግራ ትከሻቸውን በቀኝ እጃቸው ያዙ፤ እንዳለ አሁን ያስታወሱት ይመስላሉ። "የት ችዬ። ካቻምና ነው ያቃተኝ። ቨርን ነው የሚዘጋልኝ።" ወንድማቸውን አዩ። "አንተ ነህ የምትዘጋልኝ።"

"በሉ ቁልፋቸውን ይመልሱላቸው፣" አልኩ።

ቨርን ቁልፉን አነሡ። የሚሰጧቸው መስሎኝ ነበር። መዳፋቸው ላይ አድርገው መዘኑት።

"ዶሪን፣" አሉ፣ ከዚያ በፊት ባልሰማሁት ለስላሳ ድምፅ፣ "ዘግተሽ ረስተሽው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰው ይረሳል። አንቺ ግን ያላደረግሽውን አየሽ። የማትችይውን ነገር አድርጌያለሁ አልሽ።"

"ስትጮህብኝ ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ ስትጮህብኝ ምን ልበል?"

"እጄ ታየኝ አልሽኮ።"

"ይሄ ልጅ ዝግ ነው አለኛ! ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት!"

"ነገ መንገድ ላይ ደግሞ የሌለ ነገር ቢታይሽስ? ያለው ሰው ባይታይሽስ?" ቁልፉን የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው የኪሱን አዝራር ቆለፉ። "መጦሪያው ሐሙስ ይቀበልሻል። ቅድም ደውዬላቸዋለሁ።"

ዶሪን ፊታቸውን አዞሩ። በመስኮቱ ፒካፑን ያዩ ነበር። የዚያ ሌሊት በረዶ የፊት መስታወቱን አንድ ቦታ ላይ ሰንጥቆታል፤ ስንጥቁ ላይ ፀሐይ ታርፋለች። ሩቅ፣ ከኮረብታው ጀርባ፣ የመዘውሩ ጫፍ ይዞራል።

ትሬንት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ሻይ ሻይ ይሸታል።

"አየሽ?" አለኝ በሹክሹክታ። "ብንናገርም ምንም አልለወጠም።"

ዶሪን ሰሙት። ከመስኮቱ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ "ቀድመህ ብትናገር ይለውጥ ነበር፣ ልጄ፣" አሉ።

የመኪናዬን ቁልፍ ከፊቱ አነሣሁና ቆምኩ።

"የት ነው?" አለኝ።

"ሻንጣህን በረንዳው ላይ አወርድልሃለሁ።"

"እብድ ነሽ? እዚህ መሐል ሜዳ ላይ ትተሺኝ? ኢንጊ፣ ከተማው የት አለ፣ እኔ ምን..."

"አቶ ሃቬልካ የሚያስጎትቱት ብዙ አላቸው፣" አልኩት። "ጉልበት አለህ፤ ትከሻህን አይቻለሁ።"

ቨርን አላዩኝም፤ ትሬንትንም አላዩትም። ወደ ዶሪን ሄጄ ትከሻቸውን ልነካ አሰብኩ፣ ግን ምን ብዬ? ስለ ቲማቲሙ አመሰግናለሁ? ቁልፌን ጨብጬ አለፍኳቸው።

በሩን ክፍት ነበር ያገኘነው። የጨው ድንጋዩን በእግሬ ገፋሁት፣ ወጣሁ፣ ዘጋሁት።