ወይራው ላይ የተሰቀለው ጣሳ

ምንዋጋው ከኮሪያ ሲመለስ ይዞት የመጣው ዕቃ ከአንድ የሸራ ከረጢት አያልፍም ነበር። ካፖርቱን ለታናሽ ወንድሙ ለደሴ ሰጠ። ጫማውን ክረምቱና የአገሩ የዝቋላ ጠጠር ጨረሱት። የቀረው ኮዳው፣ ኮዳው የሚገባበት ጣሳና ጣሳው የሚቀመጥበት የቆርቆሮ ምድጃ ነበር። ሦስቱ አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲገቡ አንድ ዕቃ ይሆናሉ። ምድጃው ምድጃ ከተባለ ቁመቱ ስንዝር የማይሞላ፣ እንደ ጣሳው ጎኑ ጎበጥ ያለ፣ ላይና ታቹ ክፍት የሆነ ቀለበት ነው። እሳቱ ከውስጡ ይነዳል፣ ጣሳው ከላዩ ይቀመጣል።

ሚስቱ አገኘሁሽ ጣሳውን አገላብጣ አየችና ምን ይበስልበት እንደነበር ጠየቀችው። ምንዋጋው መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነበርና የተገኘው ሁሉ አላት። የተገኘው ሁሉ ማለት ምን እንደሆነ ደግማ ስትጠይቀው፣ ከቆርቆሮ የሚወጣ ሥጋ እንደነበረ፣ የአሳማም ሳይኖርበት እንደማይቀር፣ ብርድና ረሀብ ሲበረታ ማንም አገላብጦ እንደማይለይ ነገራት። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወጥታ እጇን በአመድ ታጠበች።

ሸክላ ቢሆን ኖሮ ይሰበርና ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ብረት ግን አይሰበርም። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሐዋርያት ተጠርተው መጡ። ለምንዋጋው ቀኖና ሰጡት፣ ጣሳውንና ምድጃውን ጸበል ረጩ፣ ከእንግዲህ ንጹሕ ነው ብለው ሄዱ። አገኘሁሽ መስቀላቸውን ተሳለመች፤ ጣሳውን ግን ቤት አላስገባችም። ምንዋጋውም አልተከራከራትም። ደጃፉ ካለው ወይራ ላይ ምስማር መታና ሰቀለው። ብዙ ክረምት እዚያው ዘነበበት።

ይሁን እንጂ ተሰቅሎ ብቻ አልቀረም። ምንዋጋው በመጣበት በጋ ምድጃውን አውርዶ አውድማው ዳር ተቀመጠና በምስማርና በድንጋይ ይበሳው ጀመር። እንደ ነገሩ አልነበረም የሚበሳው። ከታች በአንድ ጎኑ ብቻ አንድ ረድፍ ቀዳዳ አወጣ፤ ከላይ ደግሞ በተቃራኒው ጎን ሌላ ረድፍ። ጭራሮ አንድዶ አየው፤ ጨሰ። የታቹን ቀዳዳዎች አሰፋና እንደገና ሞከረው። አሁንም ጨሰ። በሌላ ቀን፣ ጣሳው ሳይነሳ ማገዶ እንዲገባ፣ ሁለት ጣት የምታሳልፍ በር በቢላዋ ጫፍ እየመታ ከፈተለት። የጣሳውን እጀታ እንዳያቃጥል በፍየል ቆዳ ሸፈነው። በመጨረሻ አንድ እፍኝ ጭራሮና ጥቂት የፍየል በጠጥ ጣሳ ሙሉ ውሃ ያፈላ ጀመር። ደሴ ይህን አይቶ፣ ሰው ኮሪያ ሄዶ ወርቅ ይዞ ይመጣል፣ የኔ ወንድም ቆርቆሮ መብሳት ተምሮ መጣ እያለ በየጠላ ቤቱ ያስቅበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምንዋጋው ማሽላ ለመጠበቅ ቆላ ሲወርድም፣ ፍየል ለመግዛት ወደ አበርገሌ ሲሄድም የራሱን በራሱ ጣሳ ያበስላል። ቤት ሲሆን የሚስቱን ይበላል። አገኘሁሽን የሚከነክናት ግን ሌላ ነገር ነበር። አልፎ አልፎ፣ ቤት ምግብ ቀርቦ ሳለ፣ ወይራው ሥር ቁጢጥ ይልና ምድጃውን ያነዳል። የሚጥደው ውሃ ብቻ ነው። እስኪፈላ ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል። ሲፈላ አንስቶ መሬት ላይ ያፈሰዋል። እሷ ከበር ላይ ቆማ ታየዋለች። ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው እንደ አሳማው እውነቱን እንደሚነግራት ታውቃለች፣ ያን ፈራች። ስለዚያ አገር የምታውቀው፣ ገብረ ሊባኖስ የሚባል የአበርገሌ ሰው አብሮት ሄዶ እዚያ መቅረቱን ብቻ ነው።

በጥቅምት ምንዋጋው ከተከዜ በኩል ማሽላ ጠብቆ ሲመለስ ንዳድ ይዞት መጣ። ጸበል ተረጨ፣ ነጭ ሽንኩርት በላ፣ አልሆነም። ሲያንዘፈዝፈው ሦስት ሰው ጋቢ ደርቦ ይዞ አያቆመውም፤ ሲያተኩሰው ደግሞ ሰው አይለይም። ሰቆጣ ሐኪም ቤት መርፌ አለ ተባለና ቃሬዛ ታሰረ። ደሴ፣ ጎረቤታቸው ተስፋውና ሁለት የሰፈር ሰዎች ሊሸከሙት ተነሡ። ሲያነሡት ምንዋጋው ዓይኑን ገልጦ ወደ ወይራው ጠቆመ። ደሴ ጣሳውን ከነምድጃው አውርዶ ከእግሩ ሥር አስቀመጠለት። አገኘሁሽ አይታ የራሷን ስንቅ አነሣች። እሷ በትንሽ ማሰሮ አጥሚት ይዛለች፣ በቅል ውሃ፣ በጨርቅ የተቋጠረ በሶም አላት፤ ለባሏ ከዚያ ጣሳ የሚያስፈልገው ነገር አልታያትም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጠጠሩ አዳለጣት። እሷ ተረፈች፤ ማሰሮው ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ አጥሚቱንም አፈሩ ጠጣው።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ቀትር አልፏል። እዚያ ላይ ቤት የለም፣ ዛፍም የለም፤ ነፋስ ብቻ ነው። ቃሬዛውን ከአንድ ቋጥኝ ጥግ አሳረፉት። ብርዱ ያን ጊዜ ተነሣበት። ጥርሱ እርስ በርሱ ይፋጫል፣ ጥፍሩ ጠቁሯል። ከቅሉ ውሃ ብታቀምሰው ቀዝቃዛውን መለሰው። በሶውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ ሰጠችው፤ እሱንም መለሰው። ተስፋው ራቅ አድርጎ ወሰዳትና፣ ሆዱ ትኩስ ነገር ካላገኘ ቁልቁለቱን እንደማያልፍ በለሆሳስ ነገራት። ተስፋው ብዙ ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ስለሆነ ያወቀውን ነው የተናገረው። ከዚያ ወንዶቹ ሁሉ በምንዋጋው እግር ሥር ያለውን ጣሳ አዩ፣ ቀጥሎም እሷን አዩ።

ደሴ ሊያነሣው ጎንበስ አለ።

"ተወው ደሴ፣ የምሠራው እኔ ነኝ" አለችው።

እጇ ጣሳውን ሲነካ የመጀመሪያዋ ነበር፣ ከዚያ ከአመዱ ቀን ወዲህ። ቀለለባት። ወዲያው ዞር ብላ ሦስት ድንጋይ ለቀመች፤ ያለ ጉልቻ የሚበስል ነገር አታውቅምና። ጉልቻውን ተከለች፣ ቀለበቱን በጉልቻው ላይ ጫነች፣ ጣሳውን በቀለበቱ ላይ። ወንዶቹ ከቁጥቋጦ የለቀሙላትን ጭራሮና በጠጥ እንደ ቤቷ ከሥር በድንጋዮቹ መካከል አነደደች። ነፋሱ ነበልባሉን ወደ ጎን አስተኛው። ነፋሱን ለመከልከል ዙሪያውን በትንንሽ ድንጋይ ደፈነችው። ይኼኔ እሳቱ ታፈነና ጢሱ ዓይኗን አቃጠላት።

"እታለም፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ያንቺ ደግሞ ጨርሶ ውሃም አያሞቅም" አለ ደሴ። ሊያስቃት ፈልጎ ነበር። እሷ አንዱን ድንጋይ ልታስተካክል ስትነካው ቀለበቱ ተንሸራተተ፣ ጣሳውም ተገለበጠ። ውሃው ፈሰሰ። በቅሉ ውስጥ የቀረው ከአንድ ጉንጭ አይበልጥም።

እዚያው እንደተቀመጠች የባሏን ድምፅ ሰማች። የሚያወራው በኽምጥኛ ነው፣ በልጅነት አፉ። የሚያወራው ግን ከእሷ ጋር አልነበረም።

"ገብረ ሊባኖስ፣ ቆይ። ትንሽ ቆይ ወንድሜ፣ ሊሞቅልህ ነው። ጨሰብኝ። ምነው አንድ ቀዳዳ እንኳ ብታስቀርለት። የእሳቱ ብርሃን ለጠላት እንዳይታይብን ብለህ አንተው ምድጃውን ደፍነህ ሠራኸው። ቆይ። አትተኛ።"

ኽምጥኛ እሷም ትሰማለች፣ ደሴና ተስፋውም ይሰማሉ፤ ሁለቱ አንገታቸውን ደፉ። አገኘሁሽ ቀለበቱን ከአፈር ላይ አነሣችውና በብርሃን አየችው። ከታች በአንድ ጎን የሰፉት ቀዳዳዎች፣ ከላይ በሌላው ጎን ያሉት፣ በቢላዋ የተከፈተችው በር። ወይራው ሥር እየፈላ የሚፈስሰው ውሃ ለማን ሲፈላ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባት። ለሟቹ ነበር። ኮሪያ ላይ ሳይፈላ ቀርቶ አልደረሰለትም።

ከሰቆጣ በኩል ጨው የጫኑ አህዮች ብቅ አሉ። ባለቤታቸው ኢድሪስ ነበር፣ ሰቆጣ ሱቅ ያለው ሽማግሌ፤ አንድ ጓደኛውም አብሮት ነበር። ቃሬዛ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ መንገደኛ በዚያ አገር የለም። አህዮቹን አቁሞ መጣ፣ በሽተኛውን ግንባሩን ዳሰሰ፣ አላህ ይማርህ አለው። ውሃ እንዳለቀባቸው ሲሰማ የውሃ ስልቻውን አወረደ።

"የኔን እርድ አትበሉም፣ ውሃዬን ግን የሚከለክላችሁ ቄስ ያለ አይመስለኝም" አለ።

"አያ ኢድሪስ፣ እርስዎ ነዎት መጠንቀቅ ያለብዎት" አለ ደሴ፤ "ይህ ጣሳ ኮሪያ አሳማ የበላ ነው።"

ኢድሪስ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበና አገኘሁሽን አያት። "እንግዲያ ዛሬስ እኔና አንቺ ሃይማኖታችን አንድ ሆነ። ልጄ፣ ብረት እሳት ሲያገኘው ይጠራል። በደንብ አንድጂው።"

"ጣሳውስ ከጠራ ቆይቷል፤ አባ ወልደ ሐዋርያት አጥርተውታል" አለች ቀና ሳትል። "ያልጠራው የኔ ሆድ ነው።"

ድንጋዮቹን ሁሉ ገፋቻቸው። ቀለበቱን ባዶ መሬት ላይ አስቀመጠች። ማንም አላሳያትም፤ ግን ከበሩ ላይ ቆማ ስታየው የኖረችው ነገር ሁሉ በእጇ ውስጥ ነበር። እሱ ሁልጊዜ ከመቀመጡ በፊት ጣቱን በምራቁ አርሶ ነፋሱ ከወዴት እንደሆነ ያይ ነበር። እሷም ጣቷን አራሰች። የታቹን ቀዳዳ ወደ ነፋሱ አዞረች። ጭራሮውን ጣት በሚያህል ልክ ሳይሆን ስንጥር በሚያህል ልክ ሰበረችው፤ እሱ እንዲያ ያደርግ ነበር። ከላዩ ደረቅ በጠጥ ጨመረች። ክብሪቱን ስትጭር አሁን ያ ሲያስቸግራት የነበረው ነፋስ በቀዳዳዎቹ ገባና እሳቱን ከሥር ነፋው። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ትንሽ ድምፅ ነበረው፣ እንደ ንብ።

ከኢድሪስ ስልቻ ውሃ ቀድታ ጣሳውን ጣደች። በበሩ በኩል ስንጥር እያቀበለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። ውሃው ጠርዙ ላይ ሲንተከተክ በሶውን በተነችበት፣ ኢድሪስ ከጭነቱ ላይ የፈነከተላትን ጨው ጨመረች፣ በስንጥር አማሰለች። አንሥታ በቆዳው እጀታ ይዛ ወደ ቃሬዛው ሄደች።

ለበሽተኛ ሳይቀመስ አይሰጥም። ይሙቅ ይቃጠል የሚታወቀው በሌላ ሰው ከንፈር ነው። አገኘሁሽ ለአንድ አፍታ ቆመች፤ ደሴ እኔ ልቅመሰው ሊል አፉን ከፈተ። እሷ ግን ጣሳውን ወደ ከንፈሯ አነሣችና ፉት አለች። አቃጠላት። እፍ አለችበት፣ እንደገና ፉት አለች፣ ሦስተኛውን ለእሱ አቀመሰችው።

የመጀመሪያው ፈስሶ በአገጩ ላይ ወረደ። ሁለተኛውን ዋጠ። ጠበቁ። አልመለሰውም። ጥቂት በጥቂት እየጠጣ ጣሳውን አጋመሰው። የጥርሱ ድምፅ ቀስ እያለ ተወው። ዓይኑን ገለጠና አያት፤ አሁን የተናገረው በአማርኛ ነበር፦

"ፈላ?"

"ፈልቷል" አለችው። "በደንብ ፈልቷል። ግማሹን የጠጣኸው አንተ ነህ።"

ፊቷን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ ነበር።

ቃሬዛውን ሲያነሡ ኢድሪስ አህዮቹን ለጓደኛው ትቶ አንዱን ጫፍ በትከሻው ያዘ፤ ቁልቁለቱ እስኪጀምር ሸኛቸው። ደሴ ምድጃውን ከረጢት ውስጥ ሊከተው ፈለገ። አገኘሁሽ ገና አልበረደም ብላ ወሰደችው። ፍሙን ጠርጋ አፈር አለበሰችውና ጣሳና ምድጃውን በነጠላዋ ጠቅልላ ከጎኗ አደረገችው። ሙቀቱ በጨርቁ አልፎ ይሰማታል። የሰቆጣ ጣራዎች ከታች እስኪታዩ ድረስ ይሰማት ነበር።

ምንዋጋው ሰቆጣ በሕይወት ደረሰ። መርፌውን ወጉት፣ ክኒኑን ሰጡት፤ ንዳዱ ደጋግሞ ተነሣበት፣ ደጋግሞ ተወው። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ በትር ተደግፎ፣ በገዛ እግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰውነቱ ግማሽ ሆኗል። በመንገድ አገኘሁሽ ስለ ገብረ ሊባኖስ አልጠየቀችውም፤ እሱም ያወራውን አላስታወሰም። አፋፉ ላይ ሲያልፉ ግን ከቋጥኙ ጥግ የጠቆረውን አፈር አሳየችው። እሱም ቆሞ አየው።

ደጃፉ ሲደርሱ ከልማዱ የተነሣ በቀጥታ ወደ ወይራው ሄደና ጣሳውን ሊሰቅል ምስማሩን በጣቱ ፈለገ። አገኘሁሽ ከኋላው መጥታ ከእጁ ወሰደችው። ይዛው ወደ ቤት ገባች።

ምንዋጋው በሩ ላይ ቆመ። ከጨለማው ውስጥ የድንጋይ ድምፅ ሰማ፤ ከባድ ነገር መሬት ለመሬት ሲገፋ። ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ አያት። ከእናቷ ጊዜ ጀምሮ ከቦታቸው ያልተነቀነቁትን ሦስቱን ጉልቻዎች ገፋ ገፋ አድርጋ፣ መካከላቸው ለትንሿ ምድጃ ቦታ ስታበጅ ነበር።