አራት መቶ ባር

አጎቴ እንደሚለው፣ የቦይለር ሠራተኛው አዲሱን የግፊት መለኪያ በመፍቻ ቀጥቅጦ አበላሸው፤ ግፊቱ ከልኩ ያለፈውም፣ እንፋሎቱ በሴፍቲ ቫልቩ ወጥቶ የጣሪያውን ቆርቆሮ የገነጠለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቦይለር ሠራተኛው እንደሚለው ደግሞ፣ መለኪያው ከካርቶኑ ከወጣ ጀምሮ ውሸታም ነበር፤ መፍቻውን ያነሳው ቫልቩ ከጮኸ በኋላ፣ በንዴት ነው።

ሁለቱም ይህን ያሉት ሥራ አስኪያጁ ፊት፣ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው። አንዳቸው ከሳሙና ፋብሪካው እንደሚባረር ተነግሯቸዋል። ማን እንደሚባረር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ አንደኛው የግዢ ኃላፊ ነው፣ ሌላኛው ጥላሸት የጠጣ ቱታ ለብሷል።

የግዢ ኃላፊው የእናቴ ወንድም ነው። እዚህ የቦይለርና የመለኪያ ባለሙያ አድርጎ ያስቀጠረኝም እሱ ነው። ሐቁን ለመናገር ሌባ አይደለም፤ መስረቅም ቢሆን ዕቃ መምረጥን ይጠይቃል። ሠራተኛው ከኋላው «ጅምላ» ይለዋል፤ ትልቅና ብዙ ከሆነ ዓይኑን ሳያሽ ይገዛልና።

ቦይለራችን የሚሠራው በስድስት ባር ግፊት ነው። እረፍት ከመውጣቴ በፊት እስከ አስር ባር የሚለካ ትራንስሚተር እንዲገዛ ነግሬው ነበር። ትራንስሚተር ማለት ግፊቱን ለክቶ ወደ መቆጣጠሪያው የሚልክ ነው፤ እሳቱ የሚበራውም የሚጠፋውም እሱን አምኖ ነው። ስመለስ ቆርቆሮው ተገንጥሎ፣ ቦይለሩ ቀዝቅዞ ጠበቀኝ። የተገጠመው አራት መቶ ባር ድረስ የሚለካ ነበር።

«ዋጋው እኩል ከሆነ ትንሹን የሚገዛ ሞኝ ነው!» አለኝ አጎቴ። «ደግሞስ ቦይለሩ ነገ ቢያድግ?»

«ቦይለር አያድግም፣ ጋሼ።»

ግፊቱን በቀስት ያሳይ የነበረውን አሮጌ ጌጅም አስነቅሎታል። ሁለት መለኪያ ሠራተኛ ያጣላል ብሎ።

አሁን ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ አንተ ባለሙያው ተናገር። መሣሪያውን ያበላሸው መፍቻው ነው አይደል?»

የተመታውን መፈተሽ ዋጋ የለውም፤ ማንም ማንንም ሊከስበት ይችላል። ደግነቱ አጎቴ ሁለት ገዝቶ ነበር፣ ጅምላ ነዋ። ሁለተኛውን ከመጋዘን እንደታሸገ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩት፤ ከእጅ ፓምፕና ከማምነው ጌጅ ጋር አገናኘሁት። ጌጁ ስምንት እስኪል ፓምፑን ገፋሁ።

የትራንስሚተሩ ማሳያ ስድስት አለ።

የቦይለር ሠራተኛው አፏጨ። «ይኸው! ይቺን እንኳ አልነካኋትም፤ ወይ በሕልሜ መትቻት እንደሁ።»

«ፓምፑ ነው የተበላሸው» አለ አጎቴ። ጥቂት አሰበና «ወይም አምራቹ አታሎናል» ሲል ጨመረ።

«አምራቹ አላታለለም» አልኩ። «ከሙሉ ልኩ ግማሽ በመቶ ያህል ሊስት እንደሚችል ጎኑ ላይ ጽፎልናል። የአራት መቶ ባር ግማሽ በመቶ ሁለት ባር ነው። መሣሪያው ጤነኛ ነው። የጭነት መኪና በሚመዝን ሚዛን ሽንኩርት ስንመዝን ነው የከረምነው።»

«ታዲያ ሁለት ባር ምን አላት? ከአራት መቶ ውስጥ ሁለት!»

«ለቆርቆሮው ይንገሩት» አለ የቦይለር ሠራተኛው። «እሱ አልሰማም።»

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን አሸ። እውነቱ ገብቶት ነበር፤ የጨነቀው አጎቴን ማስቀየሙ ነው። «ነገሩን እናብርደው» አለ። «ያም ሆነ ይህ የድርጅት ንብረት በመፍቻ ተመቷል፤ ስለዚህ የመታው ይሰናበት። ያልተነካውን ግጠሙት። የሚያነበው ሰው ሁለት እየደመረ ያንብብ።»

«እሳቱን የሚያበራው መቆጣጠሪያ በልቡ አይደምርም» አልኩ። «ስህተቱም ሁልጊዜ ወደ ታች ላይሆን ይችላል።»

አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «የእህቴ ልጅ፣ እንጀራህን አስብ። ለማንም እሳት አንዳጅ ብለህ ቤተሰብ ታዋርዳለህ? እናትህ ብትሰማ ምን ትላለች?»

የቦይለር ሠራተኛው ቀልዱ ጠፍቶት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየኛል። አራት ልጆች እንዳሉት አውቃለሁ። አጎቴም ያውቃል፤ ትልቁን ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው።

ትራንስሚተሩን ፈትቼ ወደ ካርቶኑ መለስኩና አጎቴ እቅፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«ያለ እኔ ፈቃድ ቦይለር አይነሳም» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «የአስር ባሩ ሲገጠም፣ ይህ ሰውም እቦታው ሲመለስ አስነሳዋለሁ። ከዚያ በፊት አላስነሳም። ለእናቴ እርስዎ ይንገሩልኝ፣ ጋሼ።»