ከልብስ ሰፊው የተረፈው መድኃኒት

የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የደረሰው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይገድላል ተብሎ የተወራለት አዲሱ አንቲባዮቲክ ጉበት ስለሚጎዳ ከገበያ እንዲነሳ፣ የወሰዱትም ሰዎች ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመረመሩ ያዛል። ፋርማሲስቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የቀሩትን ፓኬቶች ከመደርደሪያው አውርዳ ካርቶን ውስጥ አሸገችና መዝገቡን ገለጠች። ከእሷ ዘንድ መድኃኒቱን የወሰደ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ። ከአሥር ቀን በፊት፣ ለሳንባ ምች፣ አሥራ አራት ፍሬ።

ጋዋኗን ሳታወልቅ ተሻገረች።

ልብስ ሰፊው መኪናው ላይ አቀርቅሮ የሱሪ ጫፍ ሲያጥፍ አገኘችው። ቀና ሲል ፊቱ ወዝ ነበረው።

"ምነው፣ ደንበኛ ጠፍቶ ቤት ለቤት ማዞር ጀመርሽ እንዴ?" አላት።

አልሳቀችም። ዓይኑን ትክ ብላ እያየች እንዴት እንደሰነበተ ጠየቀችው። ዓይኑ ጥርት ያለ ነጭ ነው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው መዋጡን እንደተወ ትንሽ አፈር ብሎ ነገራት። ሌላ ቀን ቢሆን ትቆጣው ነበር። ዛሬ ግን እንኳን ተውከው ብላ የተረፈውን እንዲመልስላት ጠየቀችው።

"የተረፈ የለም" አለ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። "እማዬን ያስላት ስለነበር ለእሷ ሰጠኋት። እሷ እንደኔ ሰነፍ አይደለችም፤ ሰዓቱን ጠብቃ ስምንቱንም ጨረሰችው።"

እናቱ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተኝተዋል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምግብ አስጠልቷቸዋል፤ ልጃቸው የእርጅና ነገር መስሎታል። ፋርማሲስቷ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ብርሃኑ እንዲዞሩላት ለመነቻቸው። እሺ ብለው ዞሩ። የዓይናቸው ነጭ ቢጫ ሆኗል።

"ሳሉስ ለቀቀኝ፣ ልጄ" አሉ እጇን ይዘው። "እጅሽ ይባረክ።"

እጇን ቀስ ብላ አስለቅቃ ልጁን ወደ በሩ ወሰደችው፤ ደብዳቤው የሚለውን በሹክሹክታ ነገረችው፣ አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባቸውም። ልብስ ሰፊው ከአንገቱ ላይ ሜትሩን አውልቆ ጣቱ ላይ ይጠመጥም ጀመር።

"እኔ ነኝ የሰጠኋት" አለ።

"ለአንተስ ማን ሰጠህ?"

አሮጊቷ ከአልጋቸው ሆነው ሹክሹክታውን ሰምተው ኖሯል።

"አትቆጪው፣ ልጄ" አሉ። "ለእኔ ብሎ ነው።"

ፋርማሲስቷ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር ጫማቸውን ትፈልግ ጀመር።